ሚዛን ያጋደለው አዝማሪ



ባለፈው መንፈቅ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው የክበባት ክፍል በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ሳቅና ጩኸት፣ አልፎ አልፎም የዳይስ መንኳኳት ሳይሰማ አልቀረም። አንዳንዶቻችሁ በመስኮት ብቅ ብላችሁ «እናንተ ልጆች፣ ቁማር ጀመራችሁ እንዴ?» ያላችሁንም አልረሳሁም። ቁማር አይደለም፤ ሳንቲም አልገባም፣ ሳንቲምም አልወጣም። ይሁን እንጂ በዚያች ክፍል ውስጥ እኔ ራሴ በሠራሁት ስሕተት አንድ ጓደኛዬን ላጣ ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር። ስሕተቱ የሚዛን ስሕተት ነው። ሚዛኑ እንዴት እንዳጋደለና እንዴት እንደተቃና በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ልንገራችሁ ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በቃል የሚካሄድ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ጨዋታ መሪ ይሆናል፤ ታሪኩን ይተርካል፣ ጭራቁንም፣ ዘንዶውንም፣ መንገደኛውንም እርሱ ሆኖ ይናገራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ በሩን በቀስታ እከፍታለሁ»፣ «እኔ ከኋላ ሆኜ እጠብቃለሁ» እያሉ ታሪኩን ይገፉታል። ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲያጋጥም ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ከወጣ ይሳካል፣ ዝቅ ያለ ከወጣ ይከሽፋል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ የታወቀው ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት በ1974 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ከተማ ለሕዝብ አቀረቡት። ለእኛ የደረሰን በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው 5ኛው እትም ሲሆን፣ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለዕረፍት ሲመጣ መጽሐፉንና አንድ ከረጢት ዳይስ ይዞልኝ መጣ። ባለ 6 ገጹ ሲያንሰን ከሉዶ ሳጥን እንበደራለን።

ተጫዋቾቹ አራት ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ጨዋታ መሪ። አንደኛው የአልጋ ጎረቤቴ ነው። ሁለተኛው ከስፖርት ትምህርት ክፍል የመጣ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ዝምተኛ ልጅ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ እኅቶቻችን ናቸው፤ አንዷ የባዮሎጂ፣ አንዷ የአማርኛ ሠልጣኝ።

በጨዋታው እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ሙያ አለው። እንግሊዝኛው «ክላስ» ይለዋል፤ እኛ ግን ከመማሪያ ክፍሉ ጋር እንዳይምታታብን «ሙያ» አልነው። ሙያው ሰውየው ምን እንደሚችል፣ ምን ያህል ምት እንደሚቋቋም፣ ምን መሣሪያ እንደሚይዝ ይወስናል። ዝምተኛው ልጅ ተዋጊ፣ የባዮሎጂዋ አስማተኛ፣ የአማርኛዋ ካህን ሆኑ። የአልጋ ጎረቤቴ መጽሐፉን ሲያገላብጥ ቆየና ባርድ የተባለውን የጥንት አውሮፓ ገጣሚ ዘፋኝ መረጠ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር።

አንድ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የአልጋ ጎረቤቴ፣ «አያቴ አዝማሪ ነበር» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚናዘዝ ሰው ነው ያለው። የመጣው ከጎንደር ገጠር ነው። ልጅ ሳለ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ በዚህ ይሰድቡት እንደነበርና ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ አጫወተኝ። ምን ልበለው? ዝም አልሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። አዝማሪ እኮ በድሮ ዘመቻ ከሠራዊቱ ጋር የሚዘምት፣ ጀግናውን የሚያወድስ፣ ፈሪውን የሚዘልፍ፣ ለጌታም ለሎሌም የማይመለስ ሰው ነበር! ጎንደሬው ልጅ የአውሮፓን ዘፋኝ ሆኖ የሚጫወተው ለምንድን ነው? ሲነጋ አዲስ ደብተር ገዛሁና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አዝማሪ» ብዬ ጻፍሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የራስን ሙያ መፍጠር ድፍረት አይደለም፤ ከጨዋታው ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነው። በ1974ቱ መጽሐፍ ውስጥ የነበሩት ሙያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ካህኑ ራሱ የተፈጠረው በአርነሰን ጠረጴዛ ላይ አንድ ተጫዋች ደም መጣጭ ቫምፓየር ሆኖ ሌሎቹ ሊቋቋሙት ስላልቻሉ፣ እርሱን የሚመክት ሰው አስፈልጎ ነው ይባላል። በ1975 ሌባው ተጨመረ። ባርዱም ቢሆን በ1976 በአንድ የጨዋታ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነው ወደ ጨዋታው የገባው። ስለዚህ አዝማሪን መፍጠሬ አይደለም ጥፋቱ። ጥፋቱ አፈጣጠሬ ላይ ነው።

ደብተሬ ላይ የጻፍሁት እንዲህ ነበር። አዝማሪ ዘማች ስለሆነ የተዋጊውን ያህል ምት ይቋቋም፤ ጎራዴና ጋሻም ይያዝ፤ እንደ ተዋጊው በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ይምታ። ማሲንቆው ሲሰማ ጓደኞቹ ሁሉ፣ እርሱም ጭምር፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጨምሩ፤ በማነጣጠሩም በጉዳቱም። ዜማው ተራውን አይወስድበት፤ ገደብም አይኑረው። ጠላትን ሲዘልፍ ደግሞ የተዘለፈው በኀፍረት ተራውን ይጣ፤ ይህ ግን ኃይለኛ ስለሆነ በቀን 3 ጊዜ ብቻ ይሁን። ይህችን የመጨረሻዋን ገደብ ስጽፍ «እንዴት ያለ አስተዋይ ነኝ!» ብዬ ራሴን አመስግኜአለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች የደስታ ነበሩ። የአልጋ ጎረቤቴ ሌላ ሰው ሆነ። ተነሥቶ ይፎክራል፣ ያዜማል፣ የጠላትን ዘር ማንዘር እየጠራ ይዘልፋል። በመስኮት የሰማችሁት ጩኸት የእርሱ ነው። እኔም እንደ ድል አድራጊ ደረቴን ነፋሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ተዋጊው ልጅ «ልብስ አጥባለሁ» ብሎ ቀረ። በአራተኛውም ልብስ አጠበ። በአምስተኛውም እንዲሁ።

ሰኞ በመመገቢያ አዳራሽ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ምነው ጠፋህ?»

«ልብስ ሳጥብ ነው።»

«ሦስት ቅዳሜ ሙሉ? ለመሆኑ ስንት ልብስ ነው ያለህ?»

ፈገግ አለና ዳቦውን ቆረሰ። ጥቂት ቆይቶ፣ «እንዳይከፋህ ብዬ ነው እንጂ…» አለ። «እኔ ብመጣም ባልመጣም ታሸንፋላችሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጭራቁ ሞቷል። ተቀምጬ የሰው ሠርግ ከማይ ልብሴን ባጥብ አይሻልም?»

ክርክር ባነሣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እርሱ ግን ይህን ብሎ ሻዩን ጠጣና ሄደ። ለአንዱ ክብር እሰጣለሁ ብዬ የሌላውን ቦታ እንደወሰድሁበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ማታ ደብተሬን ከፈትሁና እንደ ሒሳብ ሠልጣኝ ማሰብ ጀመርሁ። እናንተም አብራችሁኝ አስሉ። ገጸ ባሕርያቱ 5ኛ ደረጃ ላይ ናቸው። ተዋጊው ሲያነጣጥር በዳይሱ ላይ 7 ይጨምራል። የጠላት መከላከያ ቁጥር 15 ከሆነ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከወጣለት መታ ማለት ነው፤ ይህም ከ20ው ዕድል 13ቱ፣ 65 በመቶ ነው። ጎራዴው ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 4 ይጎዳል፤ የባለ 8 ገጹ አማካይ 4.5 ስለሆነ አንዱ ምት በአማካይ 8.5 ይሆናል። በአንድ ተራ ሁለት ምት አለው። 8.5 ሲባዛ በ0.65 ሲባዛ በ2፣ ወደ 11 ነጥብ ይመጣል። ተዋጊው በአንድ ዙር በራሱ ክንድ የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው።

አሁን ማሲንቆውን ጨምሩ። የባለ 6 ገጽ ዳይስ አማካይ 3.5 ነው። በማነጣጠሩ ላይ ሲጨመር የመምታት ዕድሉ ከ65 ወደ 82.5 በመቶ ይወጣል። ጉዳቱ ከ8.5 ወደ 12 ያድጋል። 12 ሲባዛ በ0.825 ሲባዛ በ2፣ 19.8 ነው። አዝማሪው ራሱ እንደ ተዋጊው ስለሚመታ 19.8 የእርሱ ነው፤ በተዋጊው ላይ የጨመረውም ወደ 8.8 የሚጠጋ ነጥብ የእርሱ ሥራ ነው። ሲደመር ከ28 ይበልጣል። ተዋጊው በራሱ 11፣ አዝማሪው 28! ያውም ለሁለቱ እኅቶች የጨመረላቸውን ሳልቆጥር።

ይህ 28 የሚባል ቁጥር ሌላም ነገር አስታወሰኝ። አስማተኛዋ በ5ኛው ደረጃ የምታገኘው ታላቁ ድግምት የእሳት ኳስ ነው፤ ስምንት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ አማካዩ 28። እርሷ ግን እንዲህ ያለ ድግምት የምትወረውረው በመደበኛው በቀን 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ጠላት ፈጥኖ ከሸሸ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። እውነት ነው፣ የእርሷ እሳት ብዙ ጠላት ባንድ ጊዜ ያዳርሳል። የእኔ አዝማሪ ግን በየዙሩ፣ ያለ ገደብ፣ ያለ ድካም! የባዮሎጂዋ እኅታችን ለምን ዝም እንዳለች እንጃ፤ ትዕግሥተኛ ናት።

ስሌቱን ይዤ ወደ ሒሳብ መምህራችን ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ተመለከቱትና፣ «አማካዩን በትክክል አውጥተሃል። ለመሆኑ በአንድ ቅዳሜ ስንት ጊዜ ነው የምትዋጉት?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ ነው፣ መምህር። ጊዜ ከተረፈን ሁለት።»

«ታዲያ ይሄ "በቀን 3 ጊዜ" የሚለው ገደብ ማንን ይገድባል?»

አፌን ያዝሁ። የ2014ቱ የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ ገጸ ባሕርያቱ በአንድ ቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያ ይችላሉ ብሎ ነው የሚያስበው። በቀን የተቆጠረ ኃይል ዋጋ የሚኖረው በዚያ ልክ ሲሠራበት ነው፤ «አሁን ልጠቀምበት ወይስ ላቆየው?» የሚያሰኘው የግጥሚያው ብዛት ነውና። እኛ ግን እራት ሳይደርስ አንድ ውጊያ ተዋግተን እንነሣለን። በቀን 3 ጊዜ የተባለው ዘለፋ ሁሉም በአንዱ ጭራቅ ላይ ያልቃል። አራት ሰዎች አንድ ጭራቅ ከበው፣ ጭራቁ ሦስት ተራ ካጣ፣ ያ ውጊያ ሳይሆን እርድ ነው። በዚህ ጨዋታ ተራ ከጉዳት ይበልጣል። ተራ የሌለው ዘንዶ ቢሆን እንኳ ምን ያደርጋል?

መድኃኒት ፍለጋ ቀድሞ የተሞከረውን ሁሉ አነበብሁ። በ1974ቱ ደንብ ወደ 2ኛ ደረጃ ለመድረስ ተዋጊው 2000 የልምድ ነጥብ ሲበቃው፣ አስማተኛው 2500 ይጠየቅ ነበር። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ባርድ ለመሆን የሚሻ ሰው መጀመሪያ ተዋጊ፣ ቀጥሎ ሌባ ሆኖ ማለፍ ነበረበት። በሩን ቢያጠቡትም አንዴ ለገባው ሰው ቤቱ ያው ሰፊ ነው። በ2000 የወጣው 3ኛ እትም ለሁሉም አንድ የልምድ ሰንጠረዥ አደረገ። በ2008 የወጣው 4ኛ እትም ደግሞ የሁሉንም ሙያ ኃይል በአንድ ቅርጽ ቀረጸው፤ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ በየግጥሚያው አንድ ጊዜ የሚሠራ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚሠራ እያለ ለሁሉም በእኩል አደለ። ሚዛኑ ተገኘ፤ ነገር ግን ተዋጊውና አስማተኛው አንድ ዓይነት ሆኑብን ብለው ያጉረመረሙ ብዙ ነበሩ። ከዚህ የተረዳሁት፣ ሁሉን እኩል ማድረግና ሁሉን ማመዛዘን አንድ አለመሆናቸውን ነው።

መረዳት ሌላ፣ ማድረግ ሌላ። በንዴት ቀይ ብዕር አነሣሁና አዝማሪዬን ቆራረጥሁት። ጎራዴውን ነጠቅሁት፣ ሁለተኛ ምቱን ሰረዝሁ፣ ዜማውን በውጊያ አንድ ጊዜ ብቻ አደረግሁበት፣ ዘለፋውን ጨርሶ አጠፋሁት። ቅዳሜ ሲደርስ ተዋጊውን ለምኜ መለስሁት። እርሱ መታ፣ አስማተኛዋ አቃጠለች፣ ካህኗ ፈወሰች፤ የአልጋ ጎረቤቴ ማሲንቆውን አንዴ መታና ቀሪውን ሰዓት ዳይሱን በጣቱ ሲያንከባልል ዋለ። ስንወጣ፣ «አሁን ደግሞ እኔ ልብስ ልጠብ?» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ሳቁ ግን ልቤን ወጋው። የአያቱን ነገር የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነበርና።

ያን ማታ ይቅርታ ልጠይቀው ሞከርሁ። «ተወው ባክህ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «እኔ ምልህ፣ አዝማሪ ሲጫወት አይተህ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

«በቴሌቪዥን።»

«እሱ ነዋ! አያቴ ጠጅ ቤት ሲጫወት ብቻውን አይደለም የሚዘፍነው። ከታዳሚው አንዱ "ተቀበል!" ይለዋል፤ ስንኙን ይሰጠዋል፤ እሱ ይቀበልና በማሲንቆው አሳምሮ ይመልስለታል። አንዳንዴ የሰጡት ስንኝ ቤት አይመታም፤ አያቴ ቤት ያስመታዋል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሸልማል። ሰጪ ከሌለ አዝማሪ ለግድግዳ ነው የሚዘፍነው። አንተ የሠራኸው አዝማሪ ግን ማንንም አይፈልግም። መጀመሪያም አይፈልግም ነበር፣ አሁንም አይፈልግም። ፊት ጉልበተኛ ነበር፣ አሁን ደካማ ነው፤ ሁለቱም ብቻውን ነው።»

ጨለማው ውስጥ ቁጭ አልሁ። ለሳምንታት በቁጥር ስፈልገው የነበረውን ነገር እርሱ በአልጋው ላይ ተጋድሞ ነገረኝ። የመጀመሪያው አዝማሪዬ ጥፋት 28 ነጥብ መሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎቹን ትርፍ ሰዎች ማድረጉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ትርፍ ሰው ሆነ።

አዲሱን ደንብ ሁለታችን አብረን ጻፍነው። አዝማሪው የሚቋቋመው ምት ከተዋጊው አነስ ይበል፤ በየደረጃው ባለ 10 ገጹ ቀርቶ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ይጣልለት። ምቱም በአንድ ተራ አንድ ይሁን። ዘለፋው ይመለስ፤ ግን የተዘለፈው ጠላት ዳይስ ጥሎ የመቋቋም ዕድል ይኑረው፤ ካልተቋቋመም ተራውን አይጣ፣ በሚቀጥለው ምቱ ሁለት ጊዜ ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይውሰድ እንጂ። ይህን ከባርዱ ነው የተበደርነው። በስሌት ሲታይ 65 በመቶ የመምታት ዕድል የነበረው ጠላት ወደ 42 በመቶ ይወርዳል፤ ይጎዳዋል፣ አያስረውም።

ዋናው ግን ተቀበል ነው። ከጓደኞቹ አንዱ የአጸፋ ተራውን ከፍሎ «ተቀበል!» ሲልና ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው ይቀበላል፤ ለሰጪው አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይሰጠዋል። ሰጪው በዚያው ውጊያ ዳይሱን ጥሎ ውጤቱን ካየ በኋላ ሊጨምርበት ይችላል። አንድ ሰው በአንድ ውጊያ አንድ ጊዜ ብቻ ይስጥ። አዝማሪው ለራሱ መስጠት አይችልም። ገደቡን በቀን ሳይሆን በውጊያ የቆጠርነው በመምህራችን ጥያቄ ምክንያት ነው።

ደንቡን ለመፈተን ያወጣሁት ጠላት ትሮል ነበር። ትሮል የመከላከያ ቁጥሩ 15 ነው፤ 84 የሕይወት ነጥብ አለው፤ እሳት ወይም አሲድ ካልነካው በየተራው 10 ነጥብ ያገግማል። ስለዚህ ተዋጊው ብቻውን አይጨርሰውም፤ የአስማተኛዋ እሳት ያስፈልጋል። አስማተኛዋ ደግሞ ከፊት የሚመክትላት ሰው ትፈልጋለች።

በሁለተኛው ዙር ዝምተኛው ተዋጊ ድንገት እጁን አነሣና፣ ፊቱ ቀልቶ፣ «ተ… ተቀበል!» አለ። የሰጠው ስንኝ ቤት የማይመታ፣ ከትሮሉም የባሰ ነበር! ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱም ሳቀ። የአልጋ ጎረቤቴ ግን አልሳቀም። በሌለ ማሲንቆ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ፣ ያንኑ ስንኝ አንዲት ቃል ለውጦ በዜማ መለሰለት፤ ቤት መታ! ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ተዋጊው ዳይሱን ጣለ። 7 ሲደመር 7፣ 14። በአንድ ነጥብ ሳተ። «ዳይሱ አለኝ አይደል?» አለና ባለ 6 ገጹን ጣለ፤ 3 ወጣ። ከወንበሩ ተነሥቶ የጮኸው እርሱ ነው፤ መስኮቱን ያንኳኳችሁብን ያን ቀን ነው።

በወረቀት ላይ ብታሰሉት የዚህ ዳይስ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ከፊተኛው የማያቋርጥ ዜማ ጋር አይወዳደርም። በጠረጴዛው ላይ ግን ትልቅ ነበር፤ የሁለት ሰዎች ሥራ ነበርና። ተዋጊው ልጅ ከዚያ ወዲህ ልብሱን ዓርብ ማታ ነው የሚያጥበው።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። የካህኗ ተጫዋች በሦስተኛው ቅዳሜ፣ «ግጥም የማይሆንለት ሰውስ? ይኼ እኮ ፈተና ሆነ!» ብላ አመለከተች። እውነቷን ነው፤ የአማርኛ ሠልጣኝ ሆና ስለሌላው ማሰቧ ያስመሰግናታል። ስለዚህ ስንኙ ግጥም መሆኑ ቀርቶ አንድ ቅን ቃል ቢሆንም ይበቃል አልን። ከ5ኛው ደረጃ በላይ ደግሞ አዝማሪው ገና አልተሞከረም፤ ምናልባት እዚያ ሌላ ጉድ ይጠብቀን ይሆናል።

የራሳችሁን ሙያ ልትፈጥሩ ለምታስቡ ሁሉ ከስሕተቴ ያተረፍሁትን ላካፍላችሁ።

1ኛ/ አዲስ ከመፍጠር በፊት ያለውን ስሙንና መልኩን ለውጦ መጠቀም ይበቃ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልበቃ አንድ ነባር ሙያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ለምትጨምሩት ለእያንዳንዱ ኃይል አንድ ነገር ቀንሱ። የ5ኛው እትም መሠረታዊ ደንብ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ማንም ሰው ምንጩን ጠቅሶ እንዲሠራበት በነጻ ፈቃድ ስለተለቀቀ ለማወዳደሪያ ይጠቅማችኋል።

2ኛ/ አማካዩን አስሉ። ስሌት ጓደኛን አይተካም፤ ነገር ግን ዓይን የጨፈነውን ይገልጣል።

3ኛ/ ገደብ ስታበጁ በራሳችሁ ጠረጴዛ ልክ ይሁን። በቀን 3 ጊዜ ማለት በቀን አንዴ ለሚዋጋ ሰው ገደብ አይደለም።

4ኛ/ የጠላትን ተራ የሚያጠፋ ኃይል ከሁሉ የሚያስፈራ ነውና እጃችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ስጡት።

5ኛ/ ስትሞክሩት ማን አሸነፈ ብቻ ሳይሆን ማን ዝም አለ ብላችሁ ተመልከቱ። ዝም ያለው ሰው ቅሬታውን አይነግራችሁም፤ ልብስ አጥባለሁ ነው የሚላችሁ።

ይህችን የመጨረሻዋን ከጨዋታው ውጭም ወስጃታለሁ። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቼን በቡድን አስቀምጬ ጥያቄ ሰጠኋቸው። በአንዱ ቡድን አንድ ጎበዝ ልጅ አምስቱንም ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ሠርቶ እጁን አወጣ፤ ቡድኑ አንደኛ ወጣ። የቀድሞው እኔ ቢሆን ኖሮ «ጎበዝ!» ብዬ አልፍ ነበር። ከዳር የተቀመጠችውን ልጅ አየኋት፤ እርሳሷን ስትቀርጽ ነበር። ቀድሞ ተቀርጾ ያለቀ እርሳስ ነው። በሚቀጥለው ቀን ጥያቄውን ከፋፍዬ ለእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ሰጠሁ፤ የአንዱ ቁራጭ ያለሌላው እንዳይፈታ አድርጌ። ጎበዙ ልጅ መጀመሪያ ተቆጣ። በኋላ ግን ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «ያንቺ ስንት መጣ?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁት።

ቀና ብላ፣ «ቆይ፣ ልንገርህ» አለችው።

የአዝማሪው ደንብ በሙሉ በክበባት ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። ጉድለት ያገኘበት ሰው እርሳስ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏልና ይጻፍበት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም አንድ ወንበር አለን፤ መጥቶ «ተቀበል» ለሚል ሰው ደስ ይለናል።

ከሒሳብ ትምህርት ክፍል የ2ኛ ዓመት ሠልጣኝ